ብሎኬት ከመደርደራችሁ በፊት፦ የሰፈር ወጣቶችን የጤና ማዕከል ከነዋሪው ጋር የማቋቋም ዝርዝር መመሪያ

«ለወጣቶቻችን የጤና ማዕከል ይቋቋምልን» የሚል ሐሳብ ሰፈር ውስጥ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው የቤት ጥያቄ ነው። የትኛው የቀበሌ ቤት ባዶ ነው? ወረዳው ቦታ ይሰጣል ወይ? ብሎኬቱንና ቆርቆሮውን ማን ይችላል? ከዚያ ኮሚቴ ይመረጣል፣ ማህተም ይቀረጻል፣ ባነር ይሰቀላል። ዓመት ሳይሞላ ቤቱ ከረምቦላ የሚጫወቱና ኳስ የሚያዩ ወንዶች መዋያ ይሆናል። የምክር ክፍሉ ግን ተቆልፎ ይውላል፤ ወይም ነርሷ ብቻዋን ስልኳን ስትነካካ ትውላለች።

ይህ የእኛ ሰፈር ችግር ብቻ አይደለም። በተለያዩ አገሮች ስለ ወጣት ማዕከላት የተሠሩ ጥናቶችን የገመገሙ ባለሙያዎች የደረሱበት ድምዳሜ ተመሳሳይ ነው። ወደ ማዕከላቱ የሚመጡት አብዛኞቹ ወንዶች፣ ከታሰበው ዕድሜ ከፍ ያሉ፣ ቤታቸው ቅርብ የሆነና ለጨዋታ የሚመጡ ናቸው። ለጤና ብሎ የሚመጣው ጥቂት ስለሆነ ለአንድ ተገልጋይ የሚወጣው ገንዘብ ከፍተኛ ነው።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ምክር አንድ ነው። ከቤት አትጀምሩ፤ ካለው ጤና ጣቢያ ወይም ወጣት ማዕከል ውስጥ አንድ ክፍልና የተወሰኑ ሰዓቶችን ውሰዱ፤ የነዋሪው ድምፅ ደግሞ የሚወስነው የግንቡን ቀለም ሳይሆን በሩን፣ ሰዓቱን፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ሰውና የምሥጢሩን ደንብ ይሁን። የምጽፈው አዲስ አበባንና መሰል ትልልቅ ከተሞችን እያሰብኩ ነው። ገጠር ቀበሌ ላይ መነሻው ጤና ኬላና ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለሆኑ አካሄዱ ይለያል።

1. «ወጣት» ስትሉ ማንን ነው?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ10 እስከ 19 ያሉትን «አፍላ ወጣቶች» ብሎ ለብቻቸው ያያቸዋል። ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም። የወር አበባ ገና የጀመራት የ13 ዓመት ልጅ ከ28 ዓመት የታክሲ ሾፌር ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ተራ አትጠብቅም። ዕድሜውን በፖሊሲው ጣሪያ ከለቀቃችሁት ትልልቆቹ ቦታውን ይይዙታል፤ ትንንሾቹም ይቀራሉ። እኔ ከ10 እስከ 24 እንዲሆንና ለ10–14 እና ለ15–24 የተለያየ ቀን እንዲመደብ እመክራለሁ። 25 የሞላው ሰው መደበኛው ተመላላሽ ክፍል አለለት።

የአገሩን ቁጥር ደግሞ እንዳለ ወደ ሰፈራችሁ አታምጡ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15–19 ዓመት ካሉ ልጃገረዶች 13 በመቶዎቹ እንደወለዱ ወይም እንዳረገዙ ያሳያል። በአፋር ቁጥሩ 23 በመቶ ሲሆን በአዲስ አበባ 3 በመቶ ነው። ፕሮፖዛላችሁን በ13 በመቶው ላይ ከመሠረታችሁ ለሌላ ሰው ሰፈር ማዕከል ልትሠሩ ነው። የእናንተ ልጆች ጭንቀት ጫት፣ ቤቲንግ፣ ድብርት ወይም በር ተዘግቶበት የሚደርስ ጥቃት ሊሆን ይችላል። የሚታወቀው በመጠየቅ ነው፤ ቀጣዩ እርምጃ ረጅም የሆነውም ለዚህ ነው።

2. መጠየቅ፤ ግን ስብሰባ በመጥራት አይደለም

በወረዳው አዳራሽ ስብሰባ ብትጠሩ ሁልጊዜ የሚመጡት ይመጣሉ። ማይክ የለመዱ፣ አበል የሚከፈልበትን ቀን የሚያውቁ፣ በየሪፖርቱ ፎቶ ላይ ያሉ ልጆች ናቸው። ክፉ ልጆች አይደሉም፤ የሰፈሩ ወጣት ግን እነሱ ብቻ አይደሉም።

መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ የማይመጡትን ጻፉ። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ልጆች፣ ሊስትሮዎች፣ የታክሲ ረዳቶች፣ ከክፍለ ሀገር መጥተው ኮንስትራክሽን ላይ የቀን ሥራ የሚሠሩ፣ ልጅ ወልደው ቤት የቀሩ ሴቶች፣ መስማት የተሳናቸው፣ በዊልቸር የሚሄዱ፣ በኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ በር ዘግተው የሚውሉ የ«ጨዋ ቤት» ልጆች። እያንዳንዳቸው ጋ የሚያደርሳችሁ ሰው የተለየ ነው። የሊስትሮዎቹን የሊስትሮዎች አለቃ ያውቃቸዋል። የረዳቶቹ ጉዳይ ተራ አስከባሪ ጋ ያልቃል። ቤት የቀሩትን እናቶች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር አግኝታቸዋለች።

በሰው ቤት የሚሠሩት ከሁሉም ይከብዳሉ፤ ፈቃዱ ያለው አሠሪዋ እጅ ነው። እዚህ ላይ አዲስ አበባ የራሷ ልምድ አላት። እ.ኤ.አ. በ2006 በመርካቶ አካባቢ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» የተባለው ፕሮግራም ከትምህርት ውጪ የሆኑ ልጃገረዶችን ያገኘው ማስታወቂያ ለጥፎ አይደለም። ከሰፈሩ የተመለመሉ ሴቶች ቤት ለቤት እያንኳኩ፣ አሠሪዎችን እያነጋገሩ ልጆቹ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት እንዲለቀቁ አስፈቅደው ነው። እናንተም የምትልኩት ሰው የሰፈሩ እመቤቶች በሩን የሚከፍቱላቸው ሴት ይሁኑ። «እትዬ፣ እሁድ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ብቻ ትልቀቋት፤ እኔው ወስጄ እኔው እመልሳታለሁ» የሚል ንግግር ከየትኛውም ደብዳቤ የበለጠ ይሠራል።

ከዚያ ትንንሽ ቡድኖች አዘጋጁ። በአንድ ቡድን ከ8 እስከ 10 ሰው ይበቃል፤ ሴትና ወንድ ለየብቻ፣ ዕድሜም ለየብቻ። አወያዩ ፆታው አንድ ዓይነት፣ ዕድሜውም የማይርቅ ይሁን። ከ18 ዓመት በታች ላሉት ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይጠየቅ፤ ልጁም ራሱ እሺ ይበል። ስም አይጻፍ፣ በስልክ አይቀረጽ። ቦታው ቢቻል ቡና የሚፈላበት ቤት ይሁን፤ መዝገብ ይዞ ፊት ለፊት የሚቀመጥ ሰው ካለ ወሬው ይደርቃል።

አጠያየቁ ላይ ብዙው ነገር ይበላሻል። «ምን አገልግሎት ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ኮምፒዩተር፣ ዋይፋይና ጂም ይሏችኋል፤ እውነታቸውን ነው፣ ግን የጤናውን ጉዳይ አልነገሯችሁም። ስለራሳቸው ብትጠይቁ ደግሞ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ስለዚህ በሌላ ሰው ስም ጠይቁ፦

«እዚህ ሰፈር አንዲት የ16 ዓመት ልጅ የወር አበባዋ ቢቀርባት መጀመሪያ ለማን ትናገራለች? ከዚያስ ወዴት ትሄዳለች?»

«አንድ ልጅ እንቅልፍ አጥቶ፣ ምግብ አልበላ ብሎ፣ ትምህርቱን ቢተው ጓደኞቹ ምን ይሉታል? የሚያማክረው ሰው አለ?»

«ባለፈው ጊዜ የታመመ ጓደኛችሁ ጤና ጣቢያ ትቶ ፋርማሲ የሄደው ለምንድን ነው?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። ፋርማሲ ውስጥ ካርድ አይወጣም፣ የአባት ስም አይጠየቅም፣ ወረፋ ላይ ጎረቤት አይገኝም። ፖስት ፒል የምትገዛ ልጅ የምታወራው አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ማዕከላችሁ የሚወዳደረው ከዚያ አንድ ደቂቃ ጋር መሆኑን ካወቃችሁ ክፍሉን እንዴት እንደምታደራጁ ግማሹ ተመለሰ።

ከንግግሩ ቀጥሎ ትልቅ ወረቀት መሬት ላይ ዘርጉና ሰፈራቸውን ይሳሉት። ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ ጫት ቤቱ፣ ቤቲንግ ቤቱ ይግባ። ሴቶቹ ሲመሽ የማያልፉበትን መንገድ በቀይ ያስምሩ። ሴቶቹ የሳሉትና ወንዶቹ የሳሉት አንድ ሰፈር የማይመስልበት ጊዜ አለ። የመረጣችሁት በር በቀዩ መንገድ ላይ ከሆነ ልጃገረዶቹ ከ12 ሰዓት በኋላ አይመጡም፤ የምታወጡት ማስታወቂያ ብዛት አይለውጠውም።

ኮሚቴዎች ሁልጊዜ የሚዘሉት የመጨረሻ ሥራ አለ፦ የሰማችሁትን ይዛችሁ ወደነዚያው ልጆች መመለስ። «እንዲህ ብላችኋል፤ በትክክል ሰምተናችኋል?» ብላችሁ በአንድ ገጽ አንብቡላቸው። የሚስተካከል ነገር አይጠፋም። «ጠይቀውን ጠፉ» የሚባልላቸው ሰዎችም አትሆኑም።

3. ወላጆች፣ እድሮችና የሃይማኖት አባቶች፦ ወሬው ሳይቀድማችሁ

የወጣቶች ጤና ሲባል ወላጅ ጆሮ ላይ የሚደርሰው «ልጆቻችንን ኮንዶም ሊያድሉብን ነው» የሚል ወሬ ነው። ወሬው ከቀደማችሁ ለዓመት ስታስተባብሉ ትኖራላችሁ። ስለዚህ ቦታ ከመያዛችሁ በፊት በየእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ 20 ደቂቃ ለምኑ። ሰው በሙሉ ልብ የሚሰበሰብበት ቦታ ያ ነው፤ ለእናንተ ብቻ ተብሎ የተጠራ ስብሰባ ባዶ ወንበር ይበዛበታል።

ማን ይናገር? ወጣቶቹም ኃላፊዎቹም ሳይሆኑ የሰፈሩ ሰው የሚያከብራቸው አዋቂ። ጡረታ የወጡ ነርስ ወይም መምህርት የሌሉበት ሰፈር ብዙም አይገኝም። «እማማ፣ እርስዎ ይናገሩልን» በሏቸው። ንግግሩ ወላጆች ራሳቸው ከሚያለቅሱበት ነገር ይጀምር፦ ከሱስ፣ ከቁማር፣ ራሱን ከዘጋ ልጅ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአዋቂነት ከሚታዩት የአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት ከ18 ዓመት በፊት ነው። ይህን የሰማ አባት ስለ ልጁ ማሰብ ይጀምራል።

የወሊድ መቆጣጠሪያውን ግን አትደብቁ። በኋላ ከተገለጠ ያታለላችኋቸው ይመስላቸዋል፤ እውነትም ታታልላላችሁ። «ምክርም መከላከያም አለ፤ የሚሰጠው በባለሙያ ነው፤ ጤና ጣቢያው ዛሬም ይሰጣል» በሉ። ካህኑም ሼሁም ፓስተሩም ይህን በአደባባይ «ደግ ነው» እንዲሉ አትጠብቁ። ከእነሱ የሚፈለገው ሌላ ነው፦ የተደፈረች ልጅ፣ ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ወጣት፣ ከሱስ ልውጣ ያለ ልጅ ወደ እነሱ ሲመጣ ከጸበሉ ወይም ከዱዓው በተጨማሪ ወደ ጤና ባለሙያው እንዲልኩት። በዚህ የማይስማማ የሃይማኖት አባት ብዙም አይገጥማችሁም።

ከወላጆች ጋር በግልጽ የሚያዝ አንድ ስምምነት አለ፤ ልጅህ ክፍሉ ውስጥ የተናገረው አይነገርህም። ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ወይም በልጅ ላይ የደረሰ ጥቃት ሲኖር ብቻ የተለየ እርምጃ ይወሰዳል፤ ያም ለልጁ እየተነገረ። ይህን ዓረፍተ ነገር ወላጆች ባሉበት አንብባችሁ በቃለ ጉባኤ አስፍሩት። በኋላ አንድ አባት ነርሷን «ልጄ ምን ብላ መጣች?» ብሎ ሲጠይቅ ነርሷ የምታሳየው ወረቀት ይኖራታል።

4. ኮሚቴው

ዘጠኝ ሰው ይበቃል። አምስቱ ወጣቶች፣ ከአምስቱ ቢያንስ ሦስቱ ሴቶች፤ አራቱ ደግሞ ከእድር፣ ከወላጆች፣ ከጤና ጣቢያው እና ከጤና ኤክስቴንሽን። ወጣቶቹ በቁጥር ካልበለጡ የሚናገሩት ጋሼዎቹ ብቻ ይሆናሉ። ከአምስቱ አንዷ በሁለተኛው እርምጃ ካገኛችኋቸው «የማይመጡ» መካከል ትሁን፤ አንድ ብቻዋን ከሆነች እንዳትፈራ ጓደኛዋን ይዛ ትምጣ።

ስብሰባው በሥራ ሰዓት አይሁን፤ ተማሪም የቀን ሠራተኛም አይመችም። የትራንስፖርት ገንዘብ ለሁሉም እኩል ይከፈል ወይም ለማንም አይከፈል። የአበል ነገር በመጀመሪያው ስብሰባ በግልጽ ካልተነገረ ሦስተኛው ስብሰባ ላይ ሰው ይቀንሳል፤ ለምን እንደቀነሰም የሚናገር አታገኙም።

5. ከጤና ጣቢያው ጋር መዋዋል

የራሳችሁን ክሊኒክ ብትከፍቱ ከከተማው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ፣ የባለሙያ ደመወዝ፣ የመድኃኒት ግዢ፣ የቆሻሻ ማስወገጃ ሁሉ የእናንተ ጣጣ ይሆናል። ከጤና ጣቢያው ጋር ስትሠሩ ባለሙያው የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው፤ መድኃኒቱ በመደበኛው መስመር ይመጣል፤ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራና ሕክምና፣ የቲቢ ሕክምና በነፃ የሚሰጡ ናቸው።

ነገር ግን የቃል ስምምነት አይበቃም። የጤና ጣቢያ ኃላፊ ይዛወራል፤ አዲሱ ሲመጣ ክፍሉን ለመጋዘን ሊፈልገው ይችላል። ስለዚህ የመግባቢያ ሰነዱ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማህተም ይረፍበት፤ የጤና ጣቢያው ቦርድም በቃለ ጉባኤው ያጽድቀው። ሰነዱ ውስጥ የትኛው ክፍል፣ የትኞቹ ቀናትና ሰዓቶች፣ የማን ባለሙያ፣ ባለሙያው ፈቃድ ሲወጣ ማን እንደሚተካ፣ መዝገቡ የት እንደሚቆለፍ፣ ኮሚቴው ምን ሪፖርት የማየት መብት እንዳለው ይጻፍ። ሁለት ገጽ ይበቃዋል።

የጤና መድኑን ነገር አስቀድማችሁ አስቡበት። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚያዘው በቤተሰብ ነው፤ ደብተሩ ያለው እናት ሣጥን ውስጥ ነው። በነፃ ዝርዝሩ ውስጥ ለሌለ ምርመራ ልጅቷ ደብተሩን ከጠየቀች እናት «ምን ሆነሽ?» ትላለች፤ ምሥጢሩም እዚያው አለቀ። ጤና ጣቢያው ከውስጥ ገቢው ወይም እድሮቹ ከሚያዋጡት ለዚህ የሚሆን ትንሽ መጠባበቂያ መያዝ ይቻል እንደሆነ ከቦርዱ ጋር ተነጋገሩ።

6. ክፍሉ፣ በሩና ካርድ ክፍሉ

ምሥጢር በብዛት የሚወጣው ከምክር ክፍሉ አይደለም፤ ከካርድ ክፍሉ ነው። «የአባት ስም? የአያት? ምንሽን ነው የታመምሽው?» ተብላ ከአሥር ሰው ፊት የተጠየቀች ልጅ ተመልሳ አትመጣም። የወጣቶቹ መዝገብ እዚያው ክፍላቸው ውስጥ ይከፈት፤ ሲጠሩም በቁጥር ይጠሩ። ከሕንጻ እድሳት ይልቅ ለዚህ ቀድማችሁ ታገሉ፤ ወጪውም አንድ የሚቆለፍ ካቢኔት ነው።

ክፍሉን ስትመርጡ ሁለት ወጣቶች ይዛችሁ ግቡ። አንዱ ውስጥ ሆኖ በተለመደ ድምፅ ያውራ፣ ሌላው ውጪ ቆሞ ያዳምጥ። በቺፑድ የተከፈለ ክፍል ከሆነ ሁሉም ይሰማል። በሩ ላይ ምን እንደሚጻፍ ወጣቶቹ ይምረጡ፤ «የኤች.አይ.ቪ. ምክር» የሚል ሰሌዳ ሰው ያርቃል። ክፍሉ ከእናቶች ክትትል ወረፋ ፊት ለፊት አይሁን፤ አክስትም ጎረቤትም እዚያ ነው የሚቀመጡት። መጸዳጃ ቤቱ ውኃ፣ ቁልፍና ሞዴስ ይኑረው። መግቢያው ላይ ሁለት ደረጃ ብቻ ቢኖር እንኳ በዊልቸር ለሚመጣው የተዘጋ በር ነው፤ ራምፕ ይሠራ።

ሰዓት። የመንግሥት ሥራ 11:30 ላይ ያበቃል፤ የቀን ሠራተኛው የሚለቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ የቤት ሠራተኛዋ የምትለቀቀው እሁድ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ 2:30 ላይ የሚከፈት የወጣቶች ክፍል ተማሪንም ሠራተኛንም አይደርስም። በሳምንት ሁለት ቀን ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ በተጨማሪ ቅዳሜ ወይም እሁድ ግማሽ ቀን ከሙሉ ሳምንት የተሻለ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያውን ከየት እንደሚመጣ ግን በሰነዱ ላይ አስፍሩት፤ ነርሷን በጽድቅ ብቻ ለሁለት ዓመት ማቆየት አይቻልም።

7. ባለሙያውን መምረጥና ጥበቃውን ማሠልጠን

ጤና ጣቢያው ሦስት ባለሙያዎች ያቅርብ፤ የኮሚቴው ወጣቶች አነጋግረው አስተያየት ይስጡ። ከዲግሪ በላይ የሚፈለገው ፊት የማያጠቁርና የማይሰብክ ሰው ነው። «ባለትዳር ነሽ?» የሚለውን የመጀመሪያ ጥያቄዋ የምታደርግ ነርስ ምንም ሥልጠና ብትወስድ ልጆቹ ቶሎ ያውቋታል።

ጥበቃው፣ ጽዳቷና ካርድ ጸሐፊው ሥልጠናው ላይ አብረው ይቀመጡ። ልጁን በሩ ላይ «ምን ፈለግህ? ወላጅ ይዘህ ና» ብሎ የሚመልሰው ጥበቃ ከሆነ የነርሷ መልካምነት ለማን ይደርሳል? ከተከፈተ በኋላ በየሦስት ወሩ ማንነታቸው የማይታወቅ ሁለት ወጣቶች እንደ ተገልጋይ ገብተው ይሞክሩት። ባለሙያዎቹ እንዲህ ያለ ፍተሻ እንዳለ አስቀድመው ይወቁ፤ ቀኑን ግን አይወቁ። ውጤቱም ለመቅጣት አይዋል፤ አንድ ጊዜ ለቅጣት ከዋለ ፍተሻውም ትብብሩም ይቆማል።

8. በጥቂት አገልግሎት ጀምሩ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው የአፍላ ወጣቶች አገልግሎት መለኪያ ስምንት መስፈርቶች አሉት። ጥሩ ማመሳከሪያ ነው፤ ሁሉንም በመጀመሪያው ዓመት እናሟላ ካላችሁ ግን አንዱንም አታሟሉትም። ምክር፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ የአባላዘርና የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ፣ የወር አበባ ጉዳይ፣ የሱስና የጭንቀት የመጀመሪያ ምርመራ ለጅምሩ ይበቃሉ፤ ሌላው በሪፈር ይሂድ።

ሁለት ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ዝግጁ ይሁን። አንደኛው የመደፈር ጉዳይ ነው። ኤች.አይ.ቪ. እንዳይዝ የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። የድንገተኛ ጊዜ የእርግዝና መከላከያውም እስከ 5 ቀን ይሠራል፤ በዘገየ ቁጥር ግን አቅሙ ይቀንሳል። ነርሷ ይህን ስትፈልግ ስልክ የምታገላብጥ መሆን የለባትም። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና የሕግ ጉዳዩን በአንድ ቦታ የሚይዝ ማዕከል አለ፤ ማን እንደሚቀበል፣ ማን አብሮ እንደሚሄድ፣ የመኪናው ወጪ ከየት እንደሚመጣ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ይኑር።

ሁለተኛው ራስን የማጥፋት ሐሳብ ነው። ብዙ ባለሙያ ሐሳቡን የሚያስታውስ እየመሰለው መጠየቅ ይፈራል። በግልጽና በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ልጁ እንዲናገር በር ይከፍታል። ሐሳብና ዕቅድ ያለው ልጅ ብቻውን ወደ ቤት አይላክም። የሚያምነው ሰው ይጠራ፤ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል በዚያው ዕለት አብሮት የሚሄድ ሰው ይኑር። «ወደ አማኑኤል ሂድ» ብሎ ወረቀት መስጠት ሪፈር አይባልም፤ ስሙ ራሱ የሚያስፈራው ልጅ ወረቀቱን መንገድ ላይ ይጥለዋል።

ከረምቦላውን በተመለከተ፦ ካለ ይኑር፤ ግን በሌላ ክፍል፣ በሌላ በር፣ ለሴቶች ብቻ የሚሆን ሰዓትም ኖሮት።

9. ገንዘቡ

የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ የወረዳው ዕቅድ የሚሰናዳው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። ጥያቄያችሁን በመስከረም ይዛችሁ ብትሄዱ «ለከርሞ» ትባላላችሁ። በጥር ሂዱ።

እድሮች በወር ትንሽ ቢያዋጡ ለሞዴስ፣ ለሳሙናና ለሪፈር ትራንስፖርት ይሆናል። በዓይነት የሚሰጥ ነገር (አልጋ፣ ወንበር፣ ኮምፒዩተር) በጤና ጣቢያው ንብረት ክፍል በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ይሁን፤ አለበለዚያ ከሦስት ዓመት በኋላ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ኮሚቴው ራሱን የቻለ ድርጅት መሆን ከፈለገ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ይመዘገባል፤ በመጀመሪያው ዓመት ግን ባትነኩት እመርጣለሁ፤ ጉልበታችሁን የወረቀት ሥራ ይበላዋል። የፕሮጀክት ገንዘብ ከመጣ ለዕቃና ለሥልጠና አውሉት። የሰው ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ በፕሮጀክት ላይ ከተንጠለጠለ ፕሮጀክቱ ባለቀ ማግስት በሩ ይዘጋል።

10. መክፈትና መከታተል

ሪባን አትቁረጡ፤ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። ካሜራና ባለሥልጣን የሞላበት ምረቃ ለአንዲት ልጅ የሚነግራት ነገር «እዚህ ሁሉም ያይሻል» የሚል ነው። ለአንድ ወር በሳምንት ሁለት ከሰዓት በጸጥታ ክፈቱና የተጠየቁት ቡድኖች ቀድመው ይምጡ። የሚያስቸግረውን እነሱ ይነግሯችኋል፤ ከዚያ አስተካክላችሁ ለትምህርት ቤቶችና ለእድሮች አሳውቁ።

በየወሩ የሚታየው ሰንጠረዥ ከአንድ ገጽ አይበልጥ፦ ዕድሜ (10–14፣ 15–19፣ 20–24)፣ ፆታ፣ አዲስ ወይም ተመላላሽ፣ ከማን ሰምቶ መጣ፣ ሪፈር ከተባለው ስንቱ ደረሰ። ኳስ ሊያይ የመጣ አይቆጠር። «ተመላላሽ» የሚለውን ዓምድ አጥብቃችሁ ተከታተሉ፤ አንዴ መጥቶ ያልተመለሰ ከበዛ ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ሴቶቹ ከግማሽ በታች ከሆኑ ወደ ካርታው ተመለሱ፤ ከ15–19 ያሉት ከጠፉ ሰዓቱን እዩ።

ጤና ጣቢያዎች ነዋሪው ነጥብ የሚሰጥበት የማኅበረሰብ የውጤት ካርድ አላቸው። የወጣቶቹ ክፍል በዚያ ውስጥ ለብቻው እንዲመዘን ጠይቁ። ከየሦስት ወሩ ግምገማ በኋላ ክፍሉ በር ላይ አጭር ወረቀት ይለጠፍ፤ በአንድ በኩል «ያላችሁት»፣ በሌላው «ያደረግነው»። ያልተደረገው ነገር ከነምክንያቱ ይጻፍ። «የቅዳሜ ሰዓት አልተፈቀደም፤ በየካቲት እንደገና እንጠይቃለን» የሚል ወረቀት ዝም ከማለት በብዙ ይሻላል።

የኮሚቴው ወጣቶች ራሳቸው 25 ይሞላቸዋል፣ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፣ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከወጡ የምታውቁት ሁሉ አብሮ ይወጣል። ከአምስቱ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይቀየሩ፤ የሚገቡት አዲሶች ከሚወጡት ጋር ሁለት ወር አብረው ይቀመጡ። ርክክቡን በሰኔ አድርጉት፤ ቃለ ጉባኤው፣ የመግባቢያ ሰነዱ፣ ካርታውና የሪፈር ስልክ ዝርዝሩ በአንድ ክላሰር ተይዞ ይፈረምበት፤ አዲሶቹ ሐምሌ 1 የሚጀምረውን የወረዳውን በጀት አብረው ያንብቡ።